ድረ ገጽም ገበያ ነው



በዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ አዲስ ዓይነት ገበያ እንነጋገራለን። ይህ ገበያ እንደ ብቸናና እንደ ሞጣ ገበያ በሜዳ ላይ የሚቆም አይደለም። ጉልት የለውም። የእህል ተራ፣ የከብት ተራ የለውም። ነገር ግን ሰው ይመጣበታል፤ ዕቃ ይታይበታል፤ ገንዘብም ይገኝበታል። ይህ ገበያ ድረ ገጽ ይባላል።

ድር ማለት ሸማኔ የሚያደራው ክር ነው። ሸረሪት የምትሠራውም ድር ይባላል። በዓለም ላይ ያሉት ኮምፒዩተሮችና ስልኮች እንደ ድር እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። ይህ መያያዝ ኢንተርኔት ይባላል። ሰው ጽፎ በዚህ ድር ላይ የሚያኖረው ገጽ ደግሞ ድረ ገጽ ነው። ብቸና ያለ ሰው የጻፈውን፣ ሞጣ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም፣ ባሕር ማዶ ያለውም በስልኩ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

«ታዲያ ይህ እኛን ገበሬዎችን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ልጃችሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ቤት ተመለሰ እንበል። ሥራ አላገኘም። አንድ ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ «አባባ፣ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያስተምር ድረ ገጽ ልከፍት ነው። አንዱን በሬ ሸጠህ ኮምፒዩተር ግዛልኝ። በጥቂት ወር ውስጥ ብዙ ገንዘብ አገኛለሁ» አለ። አባት ምን ይመልስ? እሺ ቢልና ነገሩ ባይሳካ፣ አንዱ በሬ ብቻውን ቀረ፤ ጥማዱ ፈረሰ፤ እርሻው ጦም አደረ ማለት ነው። እምቢ ቢልና ነገሩ የሚያዋጣ ቢሆን ደግሞ የልጁን ዕድል ዘጋበት። ስለዚህ ነገሩን ሳያውቁ እሺም እምቢም ማለት አይገባም። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህ ነው።

ድረ ገጽ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ጎብኚ ነው። ሁለተኛው ገቢ ነው። ጎብኚ ማለት ገጹን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ነው። በመጀመሪያ ስለ ጎብኚ እንነጋገር።

መንገድ ከሌለ ገበያተኛ የለም

አዲስ ገበያ ሲቆም ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ሰው ይመጣል። የሚሸጠው ሰው ገዢ ያጣል፤ የሚገዛውም የፈለገውን ያጣል። ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ከቀሩ ገበያው ይፈርሳል። ከጸኑ ግን ወሬው ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል፤ ገበያውም ይደራል።

መንገድም ያስፈልጋል። ከሞጣ በስተ ሰሜን በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባለው አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የጎጃምና የጎንደር ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ሰው ገበያውን ስለ ፈለገው ነፍሱን በገመድ ላይ አንጠልጥሎ ተሻገረ። ድልድዩ ደኅና ቢሆን ግን ስንት እጥፍ ሰው በተሻገረ ነበር!

የድረ ገጽም መንገድ እንዲህ ነው። በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የሞባይል ስልክ የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ችግር ነበር። ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ አንድ ወጥ አቀማመጥ አልነበረውም። አንዱ የጻፈውን አማርኛ ሌላው ሲከፍተው የማይነበብ ጭረት ሆኖ ይታየው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የጽሕፈት ሥርዓት ውስጥ ገባ። ከዚህ ወዲያ «ሀ» ተብሎ የተጻፈው በየትም አገር «ሀ» ሆኖ መነበብ ቻለ። ይህም ለአማርኛ ገጾች እንደ ድልድይ ሆነ።

ጎብኚ የሚመጣው በምንድን ነው?

አንደኛ፤ ሰው የሚመጣው የቸገረውን ፍለጋ ነው። ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ወጣቶች ስለ አሜሪካና ስለ ቻይና አዳዲስ ስልኮች መጻፍ ይቀናቸዋል። ነገር ግን ይህን የሚጽፉ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሞጣ ላይ ተቀምጦ ከእነርሱ ጋር መሽቀዳደም አይቻልም። የሞጣ ልጅ ከእነርሱ የሚበልጥበት ግን አለ። የብቸና አካባቢ ዋልካ መሬት ክረምት ላይ ውኃ እንደሚቋጥር ያውቃል። መሬቱ በመደብና በቦይ ሲታረስ ትርፉ ውኃ እንደሚወጣ ከገበሬው አይቶ መጻፍ ይችላል። የፀሐይ መብራት ባትሪ ቶሎ የሚሞተው ለምን እንደሆነ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲገዛ ምን መታየት እንዳለበት፣ ስልክ ውኃ ሲገባበት ምን እንደሚደረግ መጻፍ ይችላል። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ ያሉትን ባለሙያዎች ጠይቆ መጻፍ ይችላል። ይህ ሁሉ ለእኛ ቴክኖሎጂ ነው።

በአገራችን የታየ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባል የገበሬዎች የስልክ መስመር ጀመረ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፤ ቁጥር እየተጫነ ስለ አስተራረስ፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ በድምፅ ይነገረዋል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይናገር ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጥሪው በሚሊዮን ተቈጠረ። ምክንያቱ ምንድን ነው? የሚያስፈልገውን ነገር፣ በሚያስፈልገው ወቅት፣ በገዛ ቋንቋው፣ ያለ ክፍያ ስለ ሰጠው ነው።

ሁለተኛ፤ ቋንቋው የሚገባ መሆን አለበት። ሰለሞን ካሣ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን «ቴክ ቶክ» በተባለው ዝግጅቱ ስለ ቴክኖሎጂ በአማርኛ እያስረዳ ብዙ ተመልካች አፍርቷል። ሰው ቴክኖሎጂን አይጠላም። የማይገባውን አነጋገር ነው የሚጠላው። ርእሱም ግልጽ መሆን ይገባዋል። «አስደናቂው ምስጢር» ተብሎ ቢጻፍ ማንም ምንነቱን አያውቅም። «የፀሐይ መብራት ባትሪ ለምን ቶሎ ይሞታል?» ተብሎ ቢጻፍ ግን፣ መብራቱ የጠፋበት ሰው ሁሉ ይከፍተዋል።

ሦስተኛ፤ ሌላው ሰው የሚጠቁመው መሆን አለበት። እንግዳ ሰው ብቸና ገብቶ፣ «ማረሻ ደኅና አድርጎ የሚሠራ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይሆናል? አምስት ሰው ወደ አንድ ቤት ከጠቆመው እዚያ ይሄዳል። በኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ጉግል የሚባል፣ በፈረንጆች 1998 የተቋቋመ ፈላጊ አለ። ሰው ጥያቄውን ሲጽፍለት የሚሆነውን ገጽ ፈልጎ ያመጣል። የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚመርጥበት አንዱ መንገድ፣ ሌሎች ገጾች ወደ የትኛው ይጠቁማሉ የሚለውን በመቍጠር ነው። ስለዚህ የግብርና ጣቢያው፣ የትምህርት ቤቱ፣ የማኅበሩ ገጽ «ይህን አንብቡ» ብለው ቢጠቁሙ ጎብኚው ይበዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

አራተኛ፤ ቀን ማክበር ነው። ገበያ ቀኑን ካልጠበቀ ገበያ አይሆንም። አንድ ሳምንት ውሎ ሦስት ሳምንት ቢቀር ሰው ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል። በየሳምንቱ አንድ የረባ ጽሑፍ የሚያወጣ ገጽ፣ በአንድ ቀን ሃያ አውጥቶ ከሚጠፋው ይሻላል። ደግሞም የቆየ ጥሩ ጽሑፍ እንደ ተከለ ዛፍ ነው። ለዘንድሮ ክረምት የተጻፈ ለከርሞም ይነበባል።

የሐሰት ገበያተኛ

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ እንዳለ ማወቅ ይገባል። «አሥር ሺህ ጎብኚ በዚህን ያህል ብር እንሸጥልሃለን» የሚሉ አሉ። እነዚህ ጎብኚዎች ሰዎች አይደሉም። ገጽ እንዲከፍት የታዘዘ ማሽን ነው። ይህ ማለት ገበያው የደራ እንዲመስል በሜዳው ላይ ማስፈራርቾ እንደ መትከል ነው። ማስፈራርቾ ጤፍ አይገዛም። አንዳንዱ ደግሞ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ገልብጦ በራሱ ስም ያወጣል። ይህ ስርቆት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን ሥራ ይጠብቃል። ገልባጩ ቢያመልጥ እንኳ፣ ፈላጊው ዋናውን ጽሑፍ አስቀድሞ ቅጂውን ወደ ኋላ ሊጥለው ይችላል።

ገቢ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንባቢው ብዙውን ጊዜ ምንም አይከፍልም። ታዲያ የሚከፍለው ማን ነው? ሦስት መንገዶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በደላላ በኩል የሚመጣ ማስታወቂያ ነው። ጉግል በፈረንጆች 2003 አድሴንስ የተባለ የማስታወቂያ ድለላ ጀመረ። ነጋዴው ለጉግል ይከፍላል፤ ጉግል ማስታወቂያውን በሰዎች ገጾች ላይ ያወጣል፤ ከክፍያውም ለባለገጹ ያካፍላል። ነገር ግን ክፍያው በዶላር ሲታሰብ 100 ዶላር እስኪሞላ ድረስ አይሰጥም። ገጹ በሚጻፍበት ቋንቋ የሚሠራ መሆኑንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለምሳሌ ያህል ገጹ በቀን 300 ጊዜ ይከፈታል እንበል። 300 በ30 ቀን ሲባዛ 9,000 ይሆናል። ደላላው ለ1,000 ጊዜ 20 ብር ቢከፍል፣ 9 ጊዜ 20፣ 180 ብር በወር ነው። አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ በሚመነዘርበት በዛሬው ጊዜ፣ በወር 180 ብር እየተጠራቀመ 100 ዶላር እስኪሞላ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚህ ገቢ በሬ መመለስ አይቻልም። «በጥቂት ወር ውስጥ» የሚለው ተስፋ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው በቀጥታ የሚገኝ ማስታወቂያ ነው። የሞጣ ስልክ ጠጋኝ፣ የብቸና የፀሐይ መብራት ሻጭ፣ የውኃ መሳቢያ ነጋዴ የሚፈልጉት የአካባቢውን ሰው ነው። ለእነርሱ ከሩቅ አገር አሥር ሺህ ሰው ከሚመጣ፣ ከምሥራቅ ጎጃም አምስት መቶ ሰው ቢያነብ ይሻላቸዋል። አምስት ነጋዴዎች በየወሩ 300 ብር ቢከፍሉ 1,500 ብር ይሆናል። ጎብኚው ያው ነው፤ ገቢው ግን ከስምንት እጥፍ በላይ ሆነ። ክፍያውም ቀላል ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ ይላካል።

ሦስተኛው ጠቃሚ መረጃ አሰባስቦ ለሚፈልገው መሸጥ ነው። ቱመርካቶ የተባለው የአዲስ አበባ ድረ ገጽ የጨረታ ማስታወቂያዎችን ከየቦታው ሰብስቦ ለነጋዴዎች ያቀርባል። ነጋዴው በየጋዜጣው ከሚፈልግ ከፍሎ አንድ ቦታ ያገኛል። እዚህ ላይ ገቢው የመጣው ከጎብኚው ብዛት ብቻ አይደለም። የሰውን ድካም ስላቀለለም ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የዋጋ መረጃን ለሕዝብ ማሰራጨት አንዱ ተግባሩ ነበር። በየቦታው የዋጋ ሰሌዳ ተከለ። በ934 ስልክ ለሚደውልም የዋጋ መረጃ ይሰጥ ነበር። ገቢውን ያገኘው ግን ዋጋ ከሚጠይቀው ገበሬ አልነበረም። በገበያው ከሚገበያዩት የአገልግሎት ክፍያ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ የሚሰማውና የሚከፍለው አንድ ሰው ላይሆኑ እንደሚችሉ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

እምነት ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል

የሚከፍለው ነጋዴው ከሆነ፣ ባለገጹ ወደ ነጋዴው ሊያዳላ ይችላል። አንድ የፀረ ተባይ ሻጭ መጥቶ፣ «ይህ መድኃኒት ሁሉን ተባይ ይገድላል ብለህ ጻፍልኝ፤ ብዙ ብር እከፍልሃለሁ» ቢለውስ? ቢጽፈው በዚያ ወር ገቢው ያድጋል። ነገር ግን መድኃኒቱ የማይሠራ ከሆነ የአንድ ቀበሌ ጤፍ ይጠፋል። የአንድ ዓመት ቀለብ ሄደ ማለት ነው። ገበሬው ያንን ገጽ ዳግመኛ አይከፍትም፤ ጎረቤቱንም ያስጠነቅቃል። ጎብኚው ሲሸሽ ደግሞ ያው ነጋዴ መክፈሉን ያቆማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይህ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ ደኅና ባለገጽ የተከፈለበትን ጽሑፍ «ማስታወቂያ» ብሎ ለይቶ ያወጣል። ያልሞከረውን ሞክሬዋለሁ አይልም። ሲሳሳት ያርማል። ገቢውን በመዝገብ ይጽፋል፤ ግብሩንም ይከፍላል።

እናንተ ደግሞ አንባቢ ስትሆኑ ጥንቃቄ አድርጉ። ገጽ ስትከፍቱ እናንተም ትቈጠራላችሁ። የእናንተ መምጣት ለነጋዴው የሚሸጥ ነገር ነው። ስለዚህ፣ «ይህን የጻፈው ማን ነው? ማን ከፍሎት ጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቴሌብር ወይም የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም ገጽ፣ ለማንም ደዋይ አትስጡ። ሽልማት ደረሰህ ብሎ ምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው።

መስመሩ ሲቋረጥ

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራትም እንደ ተቋረጠ ቆየ። በኢንተርኔት ብቻ የሚተዳደር ሰው በዚያ ጊዜ ሥራው ቆመ። ገበሬ ማሳውን ሁሉ ጤፍ አይዘራም። ጥቂት ሽምብራ፣ ጥቂት ስንዴ ያደርግበታል። አንዱ ቢከዳ ሌላው ያወጣዋል። ድረ ገጽ የሚከፍት ወጣትም አንድ ሌላ እግር ያስፈልገዋል። ስልክ መጠገን፣ የፀሐይ መብራት መግጠም፣ ጽሑፍ መተየብ ቢይዝ ይበጀዋል። መስመሩ ሲኖር ይጽፋል፤ ሲጠፋ በእጁ ይሠራል። ደግሞም በእጁ የሠራውን ሲጽፍ ጽሑፉ ይታመናል።

ታዲያ ለልጁ ምን እንመልስለት?

በሬው አይሸጥ። ነገር ግን ልጁም አይከልከል። እንዲህ ይባል፦

«ልጄ፣ በያዝከው ስልክ ጀምር። ከጓደኞችህ ጋር ሁን። አንዱ ይጻፍ፤ አንዱ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ አንዱ ነጋዴዎችን ያነጋግር። እስከ ስድስት ወር በየሳምንቱ አንድ የሚረባ ነገር ጻፉ። በደብተር ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ፤ ስንት ሰው አነበበው? ስንቱ ተመልሶ መጣ? ስንት ብር ወጣ፣ ስንት ብር ገባ? በስድስተኛው ወር ደብተሩን ይዘህ ና፤ አብረን እናነባለን።»

አድማጮቻችን! «አብረን እናነባለን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ፊደል የለየ አባት፣ ፊደል የለየች እናት ደብተሩን ራሳቸው ማየት ይችላሉ። አንባቢው እየጨመረ፣ ተመላሹ እየበዛ ከሄደ፣ ገቢው ጥቂት ቢሆንም ሥር ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለኮምፒዩተሩ ከትርፉም፣ ከማኅበሩ ቁጠባም ይታሰብለታል። አንባቢው ካልጨመረ ደግሞ የጠፋው ጊዜ እንጂ በሬ አይደለም። ልጁም መጻፍ፣ መጠየቅና ሒሳብ መያዝ ተምሯል። ይህ ለሌላ ሥራ ይሆነዋል።

የብቸናና የሞጣ ገበያዎች በአንድ ቀን አልቆሙም። ሰው በጠዋት ተነሥቶ፣ ሸክሙን ተሸክሞ፣ ሚዛኑን ሳያጐድል በየሳምንቱ እየመጣ ያቆማቸው ናቸው። አዲሱም ገበያ የሚቆመው በዚሁ መንገድ ነው።



እስቲ ተወያዩበት፦
1. በአካባቢያችሁ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው፣ ግን ጽፎ የሚያስረዳው ያጣው የቴክኖሎጂ ነገር ምንድን ነው?
2. አንድ ገጽ በቀን 500 ጊዜ ቢከፈትና ደላላው ለ1,000 ጊዜ 20 ብር ቢከፍል፣ በ30 ቀን ስንት ብር ይሆናል?
3. ለአንድ መድኃኒት ምስጋና የሚያበዛ ጽሑፍ ብታነቡ፣ እውነት መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ? ማንንስ ትጠይቃላችሁ?